ያኒስ፦ በብዙ ቁጥር የሚከበረው ስም

ስማችሁ ዮሐንስ ነው እንበል። የአገራችሁ ትልቁ በዓል ደግሞ «ዮሐንሶች» ይባላል። በዋዜማው ከተማው ጭር ይላል፤ ሰው ወደ ገጠር ይተማል። እሳት ሲነድ፣ ቢራ ሲቀዳ፣ ሲዘፈን ይታደራል። እናንተ ደግሞ ምንም ሳታደርጉ፣ ለስማችሁ ብቻ ተብሎ፣ ራሳችሁ ላይ የባሉጥ ቅጠል አክሊል ይደፋላችኋል።

ላትቪያ ውስጥ ያኒስ የተባለ ሰው በየዓመቱ የሚገጥመው ይሄ ነው።

ላትቪያ በባልቲክ ባሕር ዳር፣ በኢስቶኒያና በሊትዌኒያ መካከል ያለች አገር ናት። ሕዝቧ ሁለት ሚሊዮን አይሞላም። እዚያ ያኒስ ለብዙ ትውልድ ከወንድ ስሞች ሁሉ በብዛት ቀዳሚ ሆኖ ኖሯል። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንታቸው ያኒስ ነበር፤ ያኒስ ቻክስቴ፣ ከ1922 እስከ 1927 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከፍ አድርገው የሚያዩት ባለቅኔያቸውም ያኒስ ነው፤ ያኒስ ራይኒስ። እኛ «አበበ ከበደ» ብለን ማንንም ሰው እንደምንወክል፣ እነሱ «ያኒስ ቤርዚኝሽ» ይላሉ።

ቅርጫት ኳስ የሚከታተል ሰው «ያኒስ» ሲባል ትዝ የሚለው ግሪካዊው ያኒስ አንቴቶኩንፖ ይሆናል። አልተሳሳተም፤ ሁለቱ ስሞች ዘመዳሞች ናቸው። ግን በአንድ መንገድ አልመጡም። የግሪኩ ያኒስ እዚያው ቤቱ ውስጥ ያረጀ ስም ነው። የላትቪያው ግን ረጅም መንገድ ዞሮ የመጣ እንግዳ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም እንግዳነቱን የረሳበት መንገድ ነው።

ከሥሩ እንጀምር። መነሻው የዕብራይስጡ ዮሐናን ነው። ስሙ ሁለት ቁራጭ አለው። «ዮ» የእግዚአብሔር ስም አጭር ቅርጽ ነው። «ሐናን» ደግሞ ራራ፣ ጸጋ ሰጠ ማለት ነው። ሲገጠም «እግዚአብሔር ጸጋ ሰጠ» ይሆናል። ሐና የሚለው የሴት ስም ከዚሁ ሥር ነው። ሐናንያም እንደዚያው፤ ዮሐናንን ገልብጣችሁ የአምላክን ስም ከኋላ ብታደርጉት ሐናንያ ይወጣል። እኛ ቤት «ዮሐንስ ማለት ፍሥሐ ወሐሤት ነው» ሲባል እንሰማለን። ይሄ መልአኩ ለዘካርያስ «ደስታና ሐሤት ይሆንልሃል» ካለው የተወሰደ ነው። ልጁ ይዞት የሚመጣውን ነገር ይናገራል እንጂ ቃሉን እየፈታ አይደለም። ሁለቱም ትርጉም የራሱ ቦታ አለው።

ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ ሲገባ ስሙ ሐውን ጣለ፤ ግሪኮች እንዲህ ያለ ድምፅ የላቸውም። በመጨረሻው ላይ ደግሞ «ስ» ጨመሩበት። ከዚያ ወደ ላቲን፣ ከላቲን ወደ ምዕራብ አገሮች ተበተነ። ሩሲያ ከግሪኩ ወስዶ ኢቫን አለው፣ ፈረንሳይ ዣን፣ እንግሊዝ ጆን፣ ስፔን ሁዋን። ጀርመኖች ብቻቸውን ዮሃነስ፣ ዮሃን፣ ያን፣ ሃንስ እያሉ ከአንድ ስም ብዙ ስም አወጡ። ወደ ላትቪያ የገባው በዋናነት በእነሱ በኩል ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ዮሐንስም ያኒስም በ«ስ» ያልቃሉ። ግን ሁለቱ «ስ» አንድ አይደሉም። የእኛው ከግሪክ የወረስነው ነው፤ ለእኛ የስሙ አካል ሆኗል፣ ከቦታው አይነቃነቅም። የላትቪያው ግን የቋንቋው የራሱ ማኅተም ነው። በላትቪያኛ ማንኛውም የወንድ ስም ማለት ይቻላል በ«ስ» ወይም በ«ሽ» መጨረስ አለበት። የሴት ከሆነ በ«ኣ» ወይም በ«ኤ» ያበቃል። ከውጭ የመጣም ቢሆን ምሕረት የለም። የአሜሪካው ጆርጅ ቡሽ በላትቪያ ጋዜጣ ላይ «ጆርጅስ ቡሽስ» ነበር። በዚህ የተናደዱ ሰዎችም አሉ። ጀርመናዊ ያገባች አንዲት ላትቪያዊት የባሏ ስም በፓስፖርቷ ላይ በላትቪያኛ ደንብ ተለውጦ ስለተጻፈ እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደርሳ ነበር። በ2004 ፍርድ ቤቱ አቤቱታዋን አልተቀበለም።

ማኅተሙ ግን ተነቃይ ነው። ስሙ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ እንደያዘው ቦታ መጨረሻው ይለዋወጣል። ያኒስ መጣ ስትሉ «ያኒስ» ነው። የያኒስ ቤት ስትሉ «ያኛ» ይሆናል። ለያኒስ ሲሆን «ያኒም»። ልጁን ከሩቅ ስትጠሩት «ስ»ን ጥላችሁ «ያኒ!» ትላላችሁ። ብዙ ያኒሶች ሲሆኑ ደግሞ «ያኚ»። ይቺን «ኝ» አስተውሉልኝ። ላትቪያውያን ከላቲን «ን» ሥር ትንሽ ጭረት ጨምረው የሚጽፏት ድምፅ ናት። እንግሊዝኛ ለብቻዋ ፊደል የለውም፤ እኛ ግን አለን። ስለዚህ የበዓሉን ስም ከእንግሊዝ ጋዜጣ ይልቅ አማርኛ በትክክል ይጽፈዋል። ያኚ። በቃ።

አሁን ወደ ታሪኩ።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዛሬዋ ላትቪያ ምድር የብዙ ነገዶች ነበር። ክርስትና ከጀርመን ነጋዴዎችና ሰባኪዎች ጋር፣ ኋላም ከመስቀል ጦረኞች ጋር ገባ። የሪጋ ከተማ በ1201 በጳጳስ አልበርት ተቆረቆረች። በዘመኑ የነበረ ሄንሪ የተባለ ቄስ በላቲን የጻፈው ዜና መዋዕል አለ። እዚያ ላይ የሰፈረች አንዲት ታሪክ አትረሳም። ከነገዶቹ አንዱ የሆኑት ሊቮች ተጠመቁ። ሰባኪዎቹ ዞር ሲሉ ግን ወደ ዳውጋቫ ወንዝ ወርደው ታጠቡ። ጥምቀቱ በውኃ ከመጣ በውኃ ይሄዳል፣ ወንዙም ወደ ጀርመን ይመልሰዋል ብለው ነበር።

የነዚያ ሰዎች ስሞች በዚያው ዜና መዋዕልና በሌሎች ጽሑፎች ተርፈውልናል። ታሊቫልዲስ፣ ቪስቫልዲስ፣ ናሜይስ፣ ኢማንታ። እንግዲህ ጥምቀቱ በውኃው ባይሄድም ስሞቹ ሄዱ። በሚቀጥሉት መቶ ዓመታት ሕዝቡ የጀርመን ባላባቶች ገባር ሆነ፤ ልጁን የሚያጠምቀውና በመዝገብ የሚያሰፍረው ቄስም በአብዛኛው ጀርመን ነበር። መዝገቡ የሚያውቀው የቅዱሳንን ስም ነው። አንድሬያስ አንድሪስ ሆነ፣ ጴጥሮስ ፔቴሪስ፣ ክሪስቶፎር ክሪስታፕስ (ሌላውን የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ክሪስታፕስ ፖርዚንጊስን ልብ ይሏል)። ዮሃን ደግሞ ያኒስ። ገባርነቱ እንኳ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል የተነሳው በ1817 እና በ1819 ነው። የቤተሰብ ስም ያገኙትም ከዚያ በኋላ ነው። ብዙዎቹ ከጫካና ከኮረብታ ወሰዱ፤ ትንሹ ባሉጥ፣ ትንሹ ኮረብታ እያሉ። ቤርዚኝሽም በርች የሚባለው ባለነጭ ግንድ ዛፍ ትንሹ ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የተለመደ ነው። ኃይለኛ መጣ፣ ስም አመጣ፣ ደካማው ተቀበለ። እንግዳው ነገር ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ላትቪያውያን ስሙን ተቀበሉና የራሳቸውን ሰው አለበሱት።

ይህን የምናውቀው ከሕዝብ ዘፈኖቻቸው ነው። «ዳይና» ይሏቸዋል። አብዛኞቹ አራት መስመር ብቻ ናቸው። ክሪሽያኒስ ባሮንስ የተባለ ሰው (ከ1835 እስከ 1923 የኖረ) ዕድሜውን ለእነሱ ሰጠ። ከ1894 እስከ 1915 በስድስት ጥራዝ ያሳተመው 217,996 ዘፈን ነው። በትንንሽ ወረቀት እየጻፈ የደረደረባት ባለብዙ መሳቢያ ቁምሳጥን ዛሬም አለች። ዩኔስኮ በ2001 በዓለም የመዛግብት ቅርስነት መዝግቧታል፤ ሪጋ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ትታያለች። በነገራችን ላይ ክሪሽያኒስ የሚለው ስም ውስጥ «ያኒስ» ቢሰማም እሱ ሌላ ነው፤ ክርስቲያን የሚለው ስም የላትቪያ ቅርጽ ነው።

በዳይናዎቹ ውስጥ ያለው ያኒስ የግመል ጠጉር የለበሰውን፣ በምድረ በዳ የሚጮኸውን መጥምቅ አይመስልም። አንበጣ አይበላም። ኮረብታ ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባው ላይ የሣርና የአበባ ሸክም ይዞ ይታያል። በዓመት አንዴ ልጆቹን ሊጎበኝ ይመጣል። የሚጠይቃቸውም ስለ ንስሐ አይደለም። በልተዋል ወይ? ጠጥተዋል ወይ? ዘፍነውለታል ወይ? አንዳንዱ ዘፈን «የእግዚአብሔር ልጅ» ይለዋል፤ እዚያ ላይ እግዚአብሔር ያሉት የጥንቱን የሰማይ አምላካቸውን ነው። ለእርሻ፣ ለከብት፣ ለገብስ የሚራራ ሽማግሌ ነገር ነው።

ይህን ያዩ አንዳንድ ሰዎች ሌላ ግምት አምጥተዋል። ያኒስ ከክርስትና በፊት የነበረ አምላክ ነው፣ እንዲያውም ከሮማው የበር አምላክ ከያኑስ ጋር ይዛመዳል ይላሉ። ጆሮ ላይ ደስ ይላል። ግን የድምፅ መመሳሰል ብቻ ዝምድናን አያሳይም። የስም አጥኚዎች ያኒስን የሚያገናኙት ከዮሐንስ ጋር ነው። እኔ እንደሚመስለኝ በዓሉ አሮጌ ነው፣ ስሙ አዲስ ነው። አሮጌው በዓል አዲሱን ስም ለበሰ፤ ስሙም ውሎ አድሮ የበዓሉን ጠባይ ያዘ።

በዓሉ የፀሐይ ነው። ይሄን ለመረዳት ኬክሮሱን ማሰብ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከሁለት ሰዓት አይደርስም፤ ልብ የሚለው ሰውም ጥቂት ነው። ሪጋ ግን በታኅሣሥ አጭሩ ቀን ሰባት ሰዓት አይሞላም። በሰኔ ደግሞ ወደ 18 ሰዓት ይጠጋል። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሩብ በኋላ ነው፣ የምትወጣው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ። እንዲህ ባለ አገር ረጅሙ ቀን ተራ ቀን አይደለም።

ጁን 23 «ሊጎ» ይባላል፤ «የሣር ቀን»ም ይሉታል። ሴቶች ከሜዳ አበባ አክሊል ይጎነጉናሉ። ለወንዶች የባሉጥ ቅጠል ነው፤ ያኒስ ለሚባል ሁሉ ደግሞ ግድ ነው። በሩ፣ በረቱ፣ ላሟ ሳይቀር ያጌጣሉ። አሁን አሁን መኪናው ላይም ቅርንጫፍ ይሰካል። የቤቱ አባወራ «የያኒስ አባት»፣ እመቤቷ «የያኒስ እናት» ይባላሉ፤ ልጃቸው ያኒስ ባይሆንም ግድ የለም። እየዘፈኑ የሚመጡት እንግዶች «የያኒስ ልጆች» ናቸው። አባት ቢራ ያቀርባል። እናት አይብ። አይቡ ከእርጎ አይብ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከቅቤ ተነኩሮ፣ ከሙን የሚመስል ቅመም ተጨምሮበት የሚሠራ ነው። ቅርጹ ክብ ነው፣ እንደ ፀሐይ። ዛሬ በአውሮፓ ኅብረት ባህላዊ ምርት ሆኖ ተመዝግቧል።

ፀሐይ ስትጠልቅ እሳቱ ይለኮሳል፤ እስክትወጣ መጥፋት የለበትም። ዝላይ አለ። ዘፈን አለ፤ በየመስመሩ መጨረሻ «ሊጎ፣ ሊጎ» እያለ የሚመለስ። ቃሉ መወዛወዝን የሚያመለክት ነው። በዚያች ሌሊት የተኛ በጋውን ሙሉ ሲያንቀላፋ ይከርማል ይባላል። ጥንዶች ደግሞ ፈርን የሚባለውን ተክል አበባ ፍለጋ ጫካ ይገባሉ። ፈርን አበባ የለውም። ይህን ሁሉም ያውቃል። ፍለጋው ግን በየዓመቱ ይቀጥላል፤ ምክንያቱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ያኚ ራሱ የሚውለው በማግስቱ ጁን 24 ነው። ለምን ጁን 24 ሆነ? እዚህ ላይ የእኛም ነገር ይገባል። የሉቃስ ወንጌል እንደሚለው መልአኩ ማርያምን ሲያበሥር ኤልሳቤጥ ስድስተኛ ወሯ ነበር። ስለዚህ ዮሐንስ ከጌታ ልደት ስድስት ወር ቀድሞ ተወለደ። ምዕራባውያን ገናን ዲሴምበር 25 ስላደረጉ የዮሐንስ ልደት ጁን 24 ላይ ወደቀ፤ ያም ቀን በሮማውያን ዘንድ የበጋው ፀሐይ መመለሻ ተብሎ የሚቆጠር ነበር። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ልደተ ዮሐንስን የምታከብረው ሰኔ 30 ነው። ሰኔ 30 በፈረንጆቹ ጁላይ 7 ይውላል፤ በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ግን ያው ጁን 24 ነው። አንድ ቀን ነው፣ 13 ቀን የተራራቀው በካላንደሩ ብቻ ነው።

ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ከጁን 24 እስከ ዲሴምበር 25 ድረስ 184 ቀን አለ። ከሰኔ 30 እስከ ታኅሣሥ 29ም 184 ቀን ነው። ጳጉሜን 6 ስትሆን ይበላሻል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተበላሸም፤ በሚቀጥለው ዓመት ገና ታኅሣሥ 28 ስለሚከበር ቁጥሩ ያው 184 ሆኖ ይቀራል። ያ ዓመት ደግሞ ዘመነ ዮሐንስ ነው። (ይሄኛው ዮሐንስ ወንጌላዊው ነው፤ ግን ስሙ አይለቀንም።)

ላትቪያ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ በነበረችበት ዘመን በዓሉ ፈተና ገጥሞት ነበር። በ1959 የአገሪቱ ኮሚኒስት ፓርቲ «ብሔርተኞች» የተባሉትን አባላቱን አጸዳ። በአርቪድስ ፔልሼ አመራር ያኚ ከሥራ መዝጊያ በዓላት ዝርዝር ወጣ፤ በአደባባይ ማክበርም ተከለከለ። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ያኒስ የግለሰብም ስም ነው። ጎረቤትህ ስሙ ያኒስ ከሆነ የስሙን ቀን ማክበሩ ወንጀል አይደለም። እንዲህ ባለ አገር ደግሞ ያኒስ የሌለበት ሰፈር ከየት ይመጣል? ሰው በየቤቱና በየገጠሩ ማክበሩን አላቆመም። ዛሬ ጁን 23ም 24ም ሥራ ዝግ ነው።

የስም ቀን ያልኩት የራሱ ባህል ነው። የላትቪያ ካላንደር ላይ በእያንዳንዱ ቀን ሥር ስሞች ተጽፈዋል። ስምህ ያለበት ቀን ያንተ ነው፤ ወዳጆችህ ሳይጠሩ አበባ ይዘው ይመጣሉ። ጁን 24 የያኒስ ነው። ጁን 23 ሊጋ የሚባሉ ሴቶች ቀን ነው፤ ስሙም ከዘፈኑ «ሊጎ» የወጣ ነው። ካላንደሩ ላይ ስሙ የሌለስ? ለእሱም ቀን አለው፤ ሜይ 22 «በካላንደር ያልተጻፉ ስሞች ሁሉ ቀን» ነው። ይህን ያሰበ ሰው ደግ ሰው መሆን አለበት።

ያኒስ ቤቱ ውስጥ ወንድሞችም አሉት። አንሲስ ከጀርመኑ ሃንስ የመጣ ነው። ዣኒስ ከፈረንሳዩ ዣን። ኢቫንስ ከሩሲያ። ለሴቶች ዮሃና እና ያና አሉ። ከእነዚህ ስሞች ሁለቱ በአንድ ቤት ተገናኝተው ነበር። ዣኒስ ሊፕኬ የሪጋ ወደብ ሠራተኛ ነበር፤ ሚስቱ ዮሃና ትባላለች። በናዚ ወረራ ዘመን ባልና ሚስቱ በቤታቸው አጠገብ ጉድጓድ ቆፍረውና ሌላም መደበቂያ ፈልገው ከ40 በላይ አይሁዶችን ከሞት አተረፉ። እስራኤል የአይሁድ እልቂት መታሰቢያ ተቋሟ በሆነው በያድ ቫሼም በኩል «ከአሕዛብ መካከል ጻድቃን» ብላ አክብራቸዋለች። የባልም የሚስትም ስም ከዚያው ከዕብራይስጡ ዮሐናን የወረደ ነው።

ያኒስ ከአገሩ ሲወጣ ግን ትንሽ ይቸገራል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ስሙን ወረቀት ላይ ሲያየው «ጃኒስ» ብሎ ያነበዋል፤ ጃኒስ ደግሞ እዚያ የሴት ስም ነው። ጢም ያለው ሰውዬ ወረፋ ላይ «ወይዘሪት» ተብሎ ሲጠራ ማሰብ ነው። እኛ ጋ ቢመጣ ይሄ አይገጥመውም። ስሙን ሰምቶ «ዮኒ» ብሎ የሚያሳጥርለት አይጠፋም።

ባለቅኔው ያኒስ ራይኒስ የተወለደው በ1865 ነው። ላትቪያውያን ልደቱን የሚያስቡት በየዓመቱ ሴፕቴምበር 11 ሲሆን፣ በዚያ ሰሞን ገጣሚዎች በየከተማው ግጥም ያነባሉ። ሴፕቴምበር 11 በእኛ በአብዛኛው ዓመት መስከረም 1 ነው፤ ቅዱስ ዮሐንስ።